ዩዝድ አይፎን ወይስ አዲስ አንድሮይድ? ስለ ስልክ ሲስተም የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። በዚህ ወር የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድሮይድ ይሻላል ወይስ አይፎን የሚለው ላይ ነው የሚያርፉት፣ ስለዚህ ለብቻቸው ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ስልኮቹ የሚታወቁት በዛ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ወንድማችን እንዴት ነህ? እኔ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው፣ ለስልክ ብዬ እቁብ ስጥል ቆይቼ አሁን ወጣልኝ። ጓደኞቼ በሙሉ ዩዝድ አይፎን 8 ግዢ፣ አይፎን ምንጊዜም አይፎን ነው ይሉኛል፣ በዛው ብር ደሞ አዲስ ሳምሰንግ ወይ ቴክኖ ከነካርቶኑ አገኛለሁ። ፎቶ እወዳለሁ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ስልክ የመቀየር አቅም የለኝም። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ እንኳን እቁቡ ወጣልሽ። ቶሎ ቶሎ የመቀየር አቅም የለኝም ያልሽው ነገር ነው ለኔ ዋናው፣ እንደዛ ከሆነ ከስሙም ከካሜራውም በፊት ማየት ያለብሽ ሲስተሙ ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት አፕዴት ይመጣለታል የሚለውን ነው። አይፎን 8 የወጣው በ2017 ነው። አይኦኤስ የሚባለው የአይፎን ሲስተም 16 እስኪደርስ አብሮ መጣና በ2023 አይኦኤስ 17 ሲወጣ እሱ ቀረ፣ ከዛ በኋላ አዲስ ሲስተም አይገባለትም ማለት ነው። ስልኩ ነገ ተነስቶ አይቆምም፣ ይደውላል ፎቶ ያነሳል ሁሉንም ያደርጋል፣ ግን ቀስ በቀስ የሚተዉት አፖቹ ናቸው። ዋትሳፕን ውሰጂ፣ በ2025 ቢያንስ አይኦኤስ 15.1 ካልሆነ አልሠራም አለ፣ አይፎን 6 ደሞ 12 ላይ የቆመ ስለሆነ ስክሪኑም ባትሪውም ደህና የሆነ አይፎን 6 የያዘ ሰው ሁሉ ዋትሳፕ ቀረበት። አይፎን 8 ላይም ተራው መድረሱ አይቀርም፣ የባንክ አፖችም እንደዚሁ ናቸው አንድ ቀን ስትከፍቺው ሲስተምሽን አፕዴት አድርጊ ይልሻል፣ አፕዴት ደሞ የለም።

ይሄን የምለው አይፎን መጥፎ ነው ብዬ አይደለም። አፕል ስልኩንም ሲስተሙንም ራሱ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ አፕዴት ሲወጣ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፣ በ2019 የወጣው አይፎን 11 በ2025 አይኦኤስ 26 ገብቶለታል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። አንድሮይድ ግን እንደዛ አይደለም፣ ጎግል ሲስተሙን ይሠራል፣ ከዛ ሳምሰንግ ወስዶ ዋን ዩአይ የሚለውን ያለብሰዋል፣ ቴክኖ ሃይ ኦኤስ፣ ኢንፊኒክስ ኤክስ ኦኤስ ያደርገዋል፣ እና አፕዴቱ ሁለት እጅ አልፎ ነው አንቺ ጋ የሚደርሰው፣ ርካሽ ስልኮች ላይ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይደርስም፣ ይዞት በመጣው ሲስተም ያረጃል። አሁን አሁን ይሄ እየተሻሻለ ነው። ለምሳሌ ሳምሰንግ በ2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት አፕዴት እሰጣለሁ ብሏል፣ ውድ ስልክ አይደለም እሱ፣ መካከለኛ ነው። ስለዚህ አዲስ አንድሮይድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሱቅ ስትገቢ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው ብለሽ አትጀምሪ፣ አፕዴቱ እስከ መቼ ነው በያቸው። ሻጩ ካላወቀ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ሴኩሪቲ አፕዴት የሚለውን ቀን እዪ፣ አዲስ ነው የተባለ ስልክ ላይ ቀኑ ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ አስቀምጪውና ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂጂ።

ካርቶኑ ላይ ራሙ 8 ጂቢ የሚል በትልቁ ጽፎ ከሥሩ 4+4 የሚልም አለ። እውነተኛው ራም አራቱ ብቻ ነው፣ ሌላው አራት ከስቶሬጁ ተበድሮ ነው፣ ፍጥነቱም የራም አይደለም። ይሄን ሳያውቁ ስምንት ነው ብለው የሚገዙ ሰዎች ሳይ በጣም ነው የማዝነው።

ፎቶን በተመለከተ አይፎን 8 በቀን ብርሃን ጥሩ ነው፣ ቪዲዮውም ጥሩ ነው፣ ግን የኋላ ካሜራው አንድ ነው፣ ናይት ሞድ ደሞ አይፎን ላይ የመጣው ከ11 ጀምሮ ነው፣ ማታ ሰርግ ላይ የምታነሺው ፎቶ እንዳሰብሽው አይሆንም።

ልብሽ አይፎን ላይ ካረፈ ትንሽ ጨምረሽ ወይ ሌላ እቁብ ጠብቀሽ ከ11 በታች አትውረጂ። ያ ካልተቻለ የአፕዴት ቃል ያለው አዲስ አንድሮይድ ነው የምመክርሽ። አይፎን 8ን ግን በእቁብ ብር አትግዢው እህቴ።

ዩዝድ አይፎን የምትገዢ ከሆነ ደሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በራሴ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሰው እጅ አይፎን ገዛሁ፣ አንደኛ ንጹሕ ነበር፣ ሁለት ሦስት ቀን ተጠቀምኩበት፣ ከዛ ሲስተሙን ላጽዳው ብዬ ሪሴት ሳደርገው የማላውቀው ሰው አፕል አይዲና ፓስዎርድ ጠየቀኝ። የሸጠልኝ ሰው ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ያ አክቲቬሽን ሎክ ይባላል፣ እኛ አይክላውድ የምንለው፣ ከ2013 ጀምሮ አይፎን ላይ አለ፣ ለተሰረቀበት ሰው ትልቅ ነገር ነው ግን ሳያውቅ ለሚገዛ ሰው ስልኩ በቃ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፣ ጠጋኝ ቤት ወስደሽው የሚፈታ ነገርም አይደለም። ስለዚህ ብሩን ሳትሰጪ በፊት ሻጩ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ከአይክላውዱ ይውጣ፣ ስልኩን ሪሴት ያድርገው፣ እንደ አዲስ በራስሽ አካውንት ከፍተሽ እስክትገቢ ድረስ ብሩ ኪስሽ ውስጥ ይቆይ። አንድሮይድም ላይ የጎግል አካውንት የሚጠይቅ ተመሳሳይ ነገር ከ2015 ጀምሮ አለ፣ ስለዚህ ለሱም ያው ነው የምታደርጊው። ባትሪ ሄልዙንም (ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚያሳየውን) እዪ፣ ከ80 ፐርሰንት በታች ከሆነ ባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሺ። 11 እና ከዛ በላይ ከሆነ ደሞ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ስክሪኑ ወይ ባትሪው ኦሪጅናል ካልሆነ ራሱ ጽፎ ይነግርሻል፣ ይሄ እንኳን በጣም የምወደው ነገር ነው፣ ሻጩ ምንም ቢልሽ ስልኩ አይዋሽም።

እና ፌክ አይፎን አለ። ውጪው ቁርጥ አይፎን፣ ሜኑው ሁሉ አይፎን የሚመስል፣ ውስጡ ግን አንድሮይድ ነው። አፕ ስቶር የሚለውን ንኪው፣ ፕሌይ ስቶር ከከፈተልሽ አለቀ።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ነው ያለው፣ አይፎን 14 ልላክልህ አባዬ ይለኛል። እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው ሱቄ፣ ሁለት ሲም ነው የምይዘው፣ አንዱ ለንግድ አንዱ ለቤት። እስካሁን ሳምሰንግ ነበር የያዝኩት፣ ሜኑውንም ልጄ አማርኛ አድርጎልኝ ነው የሄደ። ልቀበለው ወይስ ሌላ ልበለው?

መልስ፦ አባቴ ልጅዎን ይባርክልዎ። ግን ከመላኩ በፊት ይደውሉለትና ሦስት ነገር ይንገሩት። አንደኛ አሜሪካ የሚሸጠው አይፎን 14 የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፣ አፕል በ2022 እዛ አገር ለሚሸጠው ብቻ አጥፍቶታል፣ ኢ-ሲም በሚባለው፣ ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው የሚሠራው፣ እርስዎ ጋ ያሉት ሁለቱ ሲም ካርዶች የሚገቡበት ቦታ የለም ማለት ነው። ኢ-ሲም እኛም አገር አለ፣ ግን መጀመሪያ ቴሌ ሱቅ ሄደው ሁለቱንም ቁጥር እዛ ስልክ ላይ እናስገባለን ካሉዎት ነው ይላክ የሚሉት። ያው አይፎን 14 ዱባይ ወይ አውሮፓ ከተገዛ ግን አንድ የሲም ቀዳዳ አለው፣ ሁለተኛው በኢ-ሲም ይሆናል።

ሁለተኛው፣ እዛ አገር ስልክ በየወሩ እየከፈሉ ነው ብዙ ሰው የሚገዛው፣ ዕዳው እስኪያልቅ ስልኩ ለኔትወርክ ድርጅቱ የተቆለፈ ነው። እዚህ ሲመጣ ኔትወርክ አይዝም። አንሎክድ ካልሆነ እንዳይልክ።

ሦስተኛው የሜኑው ነገር ነው፣ እኔ ይሄ ነው ከሁሉም የሚያሳስበኝ። አንድሮይድ ሜኑውን በሙሉ አማርኛ ያደርጉታል፣ ሴቲንጉ ሳይቀር። አይፎን አማርኛ ጽሑፍ በደንብ ያሳያል፣ ኪቦርድም ጭኖ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ሜኑው ራሱ አማርኛ አይሆንም። እርስዎ ስንት ዓመት የለመዱት እጅ አለዎት፣ ቴሌብሩ የት እንዳለ፣ የደወለ ሰው የት እንደሚታይ በአማርኛ ያውቁታል፣ ያን ሁሉ በዚህ ዕድሜ እንደ አዲስ በእንግሊዝኛ መልመድ ለምን አስፈለገ? ልጅዎ በፌስታይም ልየው ብሎ ከሆነ ደሞ አብሽር ይበሉት፣ በኢሞም በዋትሳፕም ይታያል፣ ከ2021 ወዲህ የፌስታይም ሊንክ ከላከልዎት አንድሮይድ ላይም በብራውዘር ይከፈታል። ባለ ሁለት ሲም ሳምሰንግ ላክልኝ ይበሉት አባቴ፣ ብሩም ይተርፈዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ባለፈው በቴሌግራም የባንካችን አዲሱ አፕ ነው የሚል ፋይል መጣልኝና ጫንኩት፣ ከዛ ስልኩ ራሱ በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ደንግጬ አጠፋሁት። አይፎን የያዙ ጓደኞቼ እኛን አይነካንም ይላሉ። አንድሮይድ ያን ያህል ደካማ ነው እንዴ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስልኩ ጠፍቶም ቢሆን አሁኑኑ በሌላ ሰው ስልክ ባንክህ ጋ ደውልና ሞባይል ባንኪንግህን አዘጋው፣ ሌላውን ከዛ በኋላ አንብበው። ሲምህን አውጥተህ ሌላ ስልክ ውስጥ ክተተው፣ የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ ሲመጣ ያ አፕ እንዳያየው። ስልኩን ስትከፍተው ዋይፋዩን ዝጋ፣ አክሰሰቢሊቲ የሚለው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የማታውቀው አፕ በርቶ ካለ አጥፋው፣ ስልክህን በራሱ እንዲነካካ ያደረገው አብዛኛውን ጊዜ ያ ፈቃድ ነው። ከዛ ፎቶህን ብቻ አውጥተህ ሙሉ ፋክተሪ ሪሴት። ፒንህን ሁሉ ቀይር፣ የቴሌብሩንም የጂሜሉንም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንድሮይድ ከፕሌይ ስቶር ውጪ የመጣ አፕ መጫን ይፈቅዳል፣ ኤፒኬ የምንለው ፋይል። አይፎን ይሄን አይፈቅድም፣ ከ2024 ጀምሮ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ በሕግ ተገዶ ሌላ ስቶር ፈቀደ እንጂ እኛ ጋ ከአፕ ስቶር ውጪ በር የለውም። ጓደኞችህ ልክ ናቸው ማለት ነው፣ አንተን የነካህ ዓይነት ፋይል እነሱ ስልክ ላይ አይጫንም።

ግን ያቺን በር ከመርገማችን በፊት የሆነውን እናስታውስ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ አፕ እንዴት ነበር የምናገኘው? አንዱ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ያወርዳል፣ ከዛ በዜንደር ለሌላው፣ ያ ለሌላው፣ መዝገበ ቃላቱ፣ የተማሪ መጽሐፉ፣ ኪቦርዱ ሁሉ እንደዛ ነበር ከሞባይል ሞባይል የሚሄደው። አይፎን የያዘ ሰው እኮ ያኔ ስልኩ ቢጸዳበት አንድ አፕ እንኳ መልሶ መጫን አይችልም ነበር፣ የግድ ኢንተርኔት ፍለጋ መሄድ ነበረበት። እኔ ይሄን በዓይኔ ስላየሁ ነው አንድሮይድን እንዲህ በቀላሉ ደካማ ነው የማልለው፣ ያኔ የጠቀመን በርና አሁን አንተን የጎዳህ በር አንድ ነው። ልዩነቱ ያኔ ከምናውቀው ሰው እጅ ነበር የምንቀበለው፣ አሁን የሚመጣው ከማይታወቅ ቻናል ነው።

ስለዚህ በሩን በሚከፈትበት ጊዜ ብቻ ክፈተው። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ፈቃዱ ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻ ነው፣ ቴሌግራም ኤፒኬ እንዲጭን የፈቀድክለት እንደሆነ ሴቲንግ ገብተህ አሁን ዝጋው፣ ከዛ በኋላ ተሳስተህ እንኳ ብትነካው አይጭንም። የባንክ አፕ ደሞ በምንም ዓይነት ከፕሌይ ስቶር ውጪ አትጫን፣ ባንክ በቴሌግራም ፋይል ልኮ ጫኑ አይልም።

ለአይፎኖቹ ጓደኞችህም ይሄን ንገርልኝ፣ ደውሎ ከቴሌ ነው ከባንክ ነው ብሎ አሁን የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ የሚል ሰው ስልክህ አይፎን ነው አንድሮይድ ብሎ አይጠይቅም። ቁጥሩን ከነገሩት አይፎኑ ምንም አያድናቸውም።

ጥያቄ፦ ጥሩ ሁዋዌ ስልክ በቅናሽ አገኘሁ፣ ካሜራው ምርጥ ነው፣ ጎግል ግን የለውም አሉኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሜይ 2019 ላይ አሜሪካ ሁዋዌ ላይ ማዕቀብ ከጣለች በኋላ የወጡት አዲሶቹ ስልኮች ፕሌይ ስቶርም ጂሜልም ዩቲዩብም ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት። ድርጅቱ ሃርመኒ ኦኤስ የሚባል የራሱን ሲስተም ይዞ መጣ፣ በ2024 የወጣው አዲሱ ደሞ የአንድሮይድ አፕ ራሱ አይቀበልም። ቻይና ውስጥ ለሚኖር ሰው አፑ ሁሉ እዛው ስላለ ይሠራለታል፣ አንተ ግን የምትፈልገው የኛን የባንክ አፕ ነው። ሲስተም ብቻውን ምንም አያደርግልህም፣ አፕ የሚሠራለት ሰው ከሌለ። ኖኪያን የምታስታውስ ከሆነ ስንቱ ሰው ነበር ሲምቢያን ኖኪያ የያዘ፣ ስልኩ ጠንካራ፣ ባትሪው ቀናት የሚሄድ፣ በ2011 ግን ራሱ ኖኪያ ሲምቢያንን ትቶ ወደ ዊንዶውስ ፎን ገባ፣ ዊንዶውስ ፎኑም አፕ የሚሠራለት አጥቶ ሞተ፣ ማይክሮሶፍት በ2020 መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ዘጋው። ብላክቤሪም በ2022 ጃንዋሪ አገልግሎቱን አቆመ። ስልኮቹ መጥፎ ስለሆኑ አልነበረም።

ጥያቄ፦ እናቴ ኩታበር ነው ያለችው፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዘችው። ብር ስልክላት በስልኳ እንድትቀበል ስማርት ስልክ ልግዛላት ወይ?

መልስ፦ ለብሩ ብለሽ ከሆነ አያስፈልጋትም። ቴሌብር በ*127# በባለ ቁልፉም ይሠራል፣ የንግድ ባንክም *889# አለው፣ ኢንተርኔት አይፈልጉም። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ደሞ ያ ስልክ ቀናት ይቆይላታል። ፊቷን ማየት ከፈለግሽ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ግዢላት።

ጥያቄ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የምማረው። አፕ መሥራት መጀመር እፈልጋለሁ፣ በየትኛው ልጀምር? ያለኝ ተራ ላፕቶፕና ቴክኖ ስልክ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ በአንድሮይድ ጀምር፣ ያለህ ዕቃ ይበቃሃል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም በነጻ ይጫናል፣ የአይፎን አፕ ለመሥራት ግን ኤክስኮድ ያስፈልጋል፣ እሱ ማክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ የማክ ዋጋ ደሞ ታውቀዋለህ። ላፕቶፕህ ራሙ ትንሽ ከሆነ ኢሙሌተሩን (ላፕቶፑ ላይ እንደ ስልክ ሆኖ አፑን የሚያሳየውን) ተወው ሃንግ ነው የሚያደርግህ፣ ቴክኖውን በኬብል ሰክተህ እዛው ላይ ሞክረው።

ስቶር ላይ ማውጣት ስትፈልግ ጎግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው የሚያስከፍለው፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ከአሁኑ አስብበት። እና ጎግል ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ለአዲስ የግል አካውንት አፑን 12 ሰው ለ14 ቀን ሳያቋርጥ ካልሞከረው አያወጣልህም፣ ያንን ግን አትፍራው፣ ዶርም ውስጥ 12 ሰው አታጣም።

ወደፊት ለአይፎንም ማውጣት ካሰብክ ፍላተር ብትማር ኮዱን አንዴ ጽፈህ ለሁለቱም ይሆንልሃል፣ የአይፎኑን ቅጂ ለማውጣት ብቻ ማክ ያለው ሰው ትለምናለህ። ስትሠራ ደሞ አማርኛውን መጨረሻ ላይ እጨምረዋለሁ አትበል፣ ከመጀመሪያው በአማርኛ ሥራው፣ ጽሑፉ በትንሽ ስክሪን ላይ ተቆርጦ እንደሚቀር ያኔ ታያለህ። ኢንተርኔት ሳይኖርም እንዲከፈት አድርገው፣ ፋይሉም ትንሽ ይሁን፣ በዜንደር ከስልክ ስልክ ሲሄድ ሰው እንዳይሰለቸው።